ሂሳቡ ለማን ይላካል?

ጽሑፉን ያመጡልኝ ጎረቤቴ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሐዋሳ አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር አሳ ጥብስ አዘን ስንጠብቅ፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «መምህር፣ መጀመሪያ ይቺን አንብባት» አሉኝ። አነበብኳት። አሳው መጣ፣ ቀዘቀዘ፤ አባ ኮዳዎቹ አንድ አንድ እርምጃ እየተጠጉ ሄዱ። እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ ከላይ ጀምሬ ነበር።

ነገሩ ከማይጨው በኋላ ስለተደረገው የአምስት ዓመት የአርበኞች ተጋድሎ ነው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ እንዲህ ነው። ጦርነቱ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ የተተኮሰው ሁሉ ድሃ አስፈጀ እንጂ የለወጠው ነገር የለም፤ 760 ሺህ ሰው ያለቀው ለመኳንንት ኩራት ነው። የካቲት 12ን የጠሩት ቦምብ ወርዋሪዎቹ ናቸው። እንግሊዝ በ1933 መምጣቷ አይቀርም ነበር። ጣሊያን መንገድ ሠርቷል። ለደቡብ ገባር ጠቡ የጌቶቹ ጠብ ነበር። አርበኛውም ቢሆን ገበሬውን አራቁቷል፣ ኋላም የተዋጋለት መንግሥት ከድቶታል። ስለዚህ ተጋድሎው ጀግንነት ሊባል ይችላል፤ በሞራል ሚዛን ሲለካ ግን ትክክል አልነበረም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንሳት ራሱ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በ«ጀግኖቻችን» ተጀምሮ በ«ጀግኖቻችን» የሚያልቅ ትምህርት ተማሪን እንዴት እንደሚያስተኛ በዓይኔ አይቻለሁ። ጸሐፊው ሚዛን ይዘው መጥተዋል፤ ደግ አደረጉ። ጥያቄዬ ሚዛኑ ላይ ምን እንዳስቀመጡበት ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር፤ ጽሑፉ የቆመው በሱ ነውና። 760 ሺህ የሚለው አኃዝ የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ለሰላም ጉባኤ ያቀረበው የጉዳት ዝርዝር ድምር ነው። ካሳ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ወረቀት ነው፤ ካሳ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ቁጥር አያሳንስም። ቢሆንም እሳቸው ካመኑት፣ ድምሩን ብቻ ቆርጠው ከሚያመጡ ዝርዝሩንም ቢያዩት ደግ ነበር። እንዲህ ይነበባል፦ በጦር ሜዳ የሞቱ 275 ሺህ፤ በወረራው ዓመታት በውጊያ የወደቁ አርበኞች 78,500፤ በአውሮፕላን ድብደባ የሞቱ ሴቶችና ሕፃናት 17,800፤ በየካቲት 12 ጭፍጨፋ 30 ሺህ፤ በማጎሪያ ካምፖች 35 ሺህ፤ በችኮላ ፍርድ የተገደሉ አርበኞች 24 ሺህ፤ መንደራቸው ወድሞ በችጋር ያለቁ 300 ሺህ።

የመጀመሪያው ረድፍ የመደበኛው ጦርነት ሟቾች ናቸው። ከማይጨው በኋላ የቀጠለው ተጋድሎ አልገደላቸውም፤ በጊዜው ገና አልተጀመረማ። ስለዚህ ከሂሳቡ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ወዲያው ይወጣል። ከቀረው ውስጥ ጠመንጃ ይዘው የሞቱት 78,500 ናቸው። ሌላው? በካምፕ የሞተው ሰው ወደ ሶማሊያው ዳናኔና ወደ ዳህላኩ ኖክራ በእግሩ ሄዶ አልገባም። መንደር በራሱ አይቃጠልም። አንድ ሰው ሌሊት ሱቅህን ሰብሮ ቢገባ፣ አንተም ብትታገለው፣ እሱም በንዴት ሱቁን ከነልጆችህ ቢያቃጥለው፣ የቃጠሎው ሂሳብ ለማን ይላካል? ጸሐፊው ደረሰኙን ቆርጠው ለባለሱቁ ሰጡት።

ለዚህ የሚሰጡትን መልስ እገምታለሁ። የሚታገል ሰው ጠላቱ ምን እንደሚያደርግ ካወቀ፣ ልጆቹ በእሳት ውስጥ እንዳሉ ካወቀ፣ ትግሉን ሊያስብበት ይገባል ይሉኛል። ይህን አልክድም። ከባድ ነገር ነው፤ በየመንደሩ የነበሩ ሽማግሌዎች «እባካችሁ ከኛ ራቁ» ብለው አርበኛን የለመኑትም ለዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር እንዲሠራ አንድ ነገር ያስፈልገዋል፦ እጅ የሰጠ ሰው መትረፉ።

ተርፏል ወይ?

ፍቼ ላይ የራስ ካሣ ልጆች፣ ደጃዝማች አበራና ወንድማቸው አስፋወሰን፣ ታኅሣሥ 1929 እጃቸውን ሰጡ። ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ተገደሉ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ታየ። የሸዋ አርበኛ ሁሉ ይህን ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ «ግባ» የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው ምን ያስብ? ከዚህም በፊት ሙሶሊኒ ከሮም የላካቸው ትእዛዞች አሉ። በግንቦት 1928 መጨረሻ የተማረከ «አማፂ» ሁሉ እንዲረሸን አዘዘ። ሐምሌ 1 ቀን 1928 ደግሞ በአማፂውና ተባባሪ በሚባለው ሕዝብ ላይ የሽብርና የማጥፋት ፖሊሲ በስልት እንዲካሄድ አዲስ አበባ ላለው እንደራሴው ለግራዚያኒ ፈቀደ፤ ለአንድ አሥር የሚለው የበቀል ሕግም እዚያው ቴሌግራም ላይ አለ። አቡነ ጴጥሮስ በዚያው ወር ነው የተረሸኑት፤ እሳቸው ጠመንጃ አልያዙም፣ አርበኞችን አውግዙ ሲባሉ እንቢ ነው ያሉት።

አዎ፣ ገብቶ የተረፈ አለ። ራስ ኃይሉ ተርፈዋል፣ ራስ ሥዩም ተርፈዋል። ስለዚህም «የመኳንንት ኩራት» የሚለው ነጥብ ጸሐፊውን ራሳቸውን ይጠልፋቸዋል። ስመ ጥር መኳንንት ከሆኑት ብዙዎቹ ገብተዋል፤ የትግራዩ ደጃዝማች ኃይለሥላሴ ጉግሣማ ወረራው በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ነው ወደ ጠላት የዞረው። ጫካ የቀረው ማነው? ወሊሶ በኩል ገረሱ ዱኪ፣ ጎጃም በላይ ዘለቀ፣ አዲስ ዓለም ላይ ሸዋረገድ ገድሌ። ከመኳንንቱም የታገሉ፣ እነ ወይዘሮ ከበደች ሥዩምን የመሳሰሉ፣ አሉ። ግን ነገሩን የቤተ መንግሥት እልህ ማድረግ ያዋጋውን ሰው አለማወቅ ነው።

የሚያስማማን ነጥብ ቢኖር አንድ ነው። ማይጨው ላይ ፊት ለፊት መጋፈጡ፣ አውሮፕላንና የሰናፍጭ ጋዝ ካለው ጦር ጋር በአንድ ሜዳ መሰለፉ፣ ስህተት ነበር ብል አላፍርም። ግን ያ «እንዴት መዋጋት ነበረብን» የሚል ጥያቄ ነው፤ «መዋጋት ነበረብን ወይ» የሚለው ሌላ ነው። ጽሑፉ ሁለቱን ይደባልቃል። ደግሞም አሸናፊ የመሆን ተስፋ የሌለው አይዋጋ የሚለው መለኪያ ብቻውን ከቆመ የሚጠቅመው ጉልበተኛውን ነው፤ ጋዝህን ባበዛህ መጠን ተከላካይህ ኃጢአተኛ እየሆነ ይሄዳል ማለት ነው።

ወደ የካቲት 12 እንምጣ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ማንም ያውቃል፤ የሟቾቹን ቁጥር መንግሥታችን 30 ሺህ ሲለው፣ ቆይቶ የተደረገ ዝርዝር ጥናት 19 ሺህ አካባቢ አድርሶታል። ጸሐፊው ቦምቡ ባይወረወር ጭፍጨፋው አይኖርም ነበር ይላሉ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ አዎ ላይኖር ይችል ነበር። ግን የጭፍጨፋው ፈቃድ ከሰባት ወር በፊት ተፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ቤንዚን ይዞ ጎጆ ለጎጆ የሄደው፣ በዱላና በካራ የገደለው፣ የፋሺስት ፓርቲው አለቃ ጉዊዶ ኮርቴዘ «ሂዱ» ያለው ሰው ነው። ደብረ ሊባኖስስ? ግንቦት 13 ቀን የጣሊያን መዝገብ ራሱ 297 መነኮሳት መረሸናቸውን ይቆጥራል፣ ጥቂት ቀን ቆይቶም 129 ዲያቆናት። የኋላ ጥናቶች ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ዲያቆናቱ ምን ወረወሩ?

እዚህ ላይ ከኛ አካባቢ አንድ ነገር ልጨምር፤ የየካቲት 12 ታሪክ ሲነገር አዲስ አበባ ላይ ስለሚቆም። ያኔ ሐዋሳ ገና ከተማ አልነበረችም። የሲዳሞው ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው መቀመጫቸው ይርጋለም ነበር፤ ዛሬ ከዚህ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። በገናሌ ግንባር ግራዚያኒ ሲያሸንፋቸው፣ በዚያው ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ሳይቀር በቦምብ ተደብድቧል። ይርጋለም ኅዳር 1929 ተያዘች። ራስ ደስታ ግን በሲዳማ ደጋ፣ በብርዱና በቀርከሃው ውስጥ ቀሩ። የመጨረሻው ውጊያቸው ጎጌቲ ላይ የተደረገው የካቲት 12 ቀን ነው፤ ያችው ቀን። ደጃዝማች ገብረማርያምና ደጃዝማች በየነ መርዕድ በዚያው ሰሞን ሞቱ። ራስ ደስታ ተይዘው በአምስተኛው ቀን ቡታጅራ አካባቢ ተገደሉ። ተማርከው ነበር እኮ፤ በየትኛውም የጦርነት ሕግ ምርኮኛ ናቸው። የቦምቡ ወሬ ጎጌቲ ሳይደርስ ጎጌቲ ደም ነበረች። አንዱን ደም ለሌላው ሰበብ ማድረግ አይቻልም።

እንግሊዝ መምጣቷ አይቀርም ነበር የሚለው የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ራሱን የሚነቀንቅበት እሱ ነው። እኔ የምጠይቀው የትኛዋ እንግሊዝ እንደሆነች ነው። የስዊዝ ቦይ ለሙሶሊኒ መርከቦች ክፍት ሆኖ ሲቀር ያየችው? በማዕቀቡ ዝርዝር ውስጥ ነዳጅ እንዳይገባ ከፈረንሳይ ጋር ያመነታችው? ኅዳር 1931 ኢትዮጵያ የጣሊያን ናት ብላ ዕውቅና የሰጠችው? ሙሶሊኒ ራሱ ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ባያውጅባት ኖሮ ለንደን ስለኛ አንድ ጥይት አታባክንም ነበር። አርበኛው ደግሞ በ1929 ሂትለር ፓሪስ እንደሚገባ የሚነግረው ጠንቋይ አልነበረውም። የሰውን ሥራ በኋላ በታወቀ ነገር መመዘን ለጸሐፊ ይቀላል።

ስትመጣስ ምን አገኘች? ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ በኋላ የጌድዮን ኃይል የተባለው የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ሁለት ሺህ እንኳ በቅጡ አይሞላም። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የነበረው ጦር ሩብ ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁለት ሺህ ሰው ጎጃምን አቋርጦ ደብረ ማርቆስ የገባው ጀግና ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የጣሊያን ጦር ለዓመታት ከምሽግ ምሽግ ሲወጣ እየተመታ፣ መሸት ሲል በር ዘግቶ ማደር ስለለመደ ነው። በር ያስዘጉት እነ በላይ ዘለቀና እነ መንገሻ ጀምበሬ ናቸው። ግራዚያኒ በ1930 መጀመሪያ ላይ ተነስቶ በለዘብተኛው ዱክ ዳኦስታ የተተካውም ጎጃምና ላስታ በክረምቱ ከተነሱ በኋላ ነው። ሽብሩ አልሠራም። እንዳልሠራ ያስመሰከሩት ያልገቡት ናቸው።

የእንግሊዝን ደም አላቃልልም። ከሐዋሳ በሻሸመኔ በኩል ወደ ወላይታ የሚሄድ ሰው ሐላባ ቁሊቶ ላይ ብላቴ ወንዝን ይሻገራል። ግንቦት 11 ቀን 1933 እዚያ ላይ ናይጄል ሊኪ የሚባል የእንግሊዝ የምሥራቅ አፍሪካ ጦር ሳጅን በሚሄድ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ ከሹፌሩ በቀር ውስጥ ያሉትን ገደለ፤ ሌላ ታንክ ላይ ወጥቶ ሳለ ተመታ። ሬሳው እስከ ዛሬ አልተገኘም። የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን ከሞቱ በኋላ ተሰጠው። አብረውት የተዋጉት የምሥራቅ አፍሪካ ጥቁር ወታደሮች ናቸው፣ እነሱንም ማንም አይጠራቸውም። ድልድዩን በሚኒባስ ባለፍኩ ቁጥር መስኮቱን ከፍቼ አያለሁ፤ ምንም የሚታይ የለም፣ ቡናማ ውኃና ፍየሎች።

ዋናው ነገር ግን መምጣቷ ሳይሆን ከመጣች በኋላ ምን ልትሆን እንደነበር ነው። ኤርትራ ከጣሊያን ከወጣች በኋላ አሥራ አንድ ዓመት በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆየች። ሶማሊያም ሊቢያም ዕጣቸው ለዓመታት በባዕድ ጉባኤ ላይ ተንጠለጠለ። ኢትዮጵያስ? የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤደን ጥር 27 ቀን 1933 ለፓርላማ ነፃ የኢትዮጵያ መንግሥት ቢመለስ ደስታችን ነው አለ። ለምን ለኛ? የተሰደደ ንጉሥ ስለነበረን፣ በስሙም የሚዋጋ ሕዝብ ስለነበረ ነው። ያም ሆኖ እንግሊዞች አገሪቱን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት ሊያስተዳድሯት ሞከሩ። የእንግሊዙ ጄኔራል የካኒንግሃም ጦር መጋቢት 28 አዲስ አበባ ሲገባ ንጉሡ ገና ጎጃም ነበሩ፤ እስኪገቡ ወር ሞላ። ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የጥር 1934 ስምምነት መጣ፣ ከዚያ የ1937። ኦጋዴን እስከ 1941፣ ሐውድ እስከ 1947 በእጃቸው ቆየ። አምስት ዓመት የተዋጋች አገር ይህን ያህል ከተጎተተች፣ አምስት ዓመት ዝም ብላ የተገዛችዋ ምን ልትሆን ነበር? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ አላነሱትም።

ሌላም ምስክር ቅርብ አለ። ሻሸመኔ ጃማይካ ሰፈር ሲባል ሁላችንም ስለ ራስታዎቹ ፀጉር ነው የምናወራው። ያ አምስት ጋሻ መሬት የተሰጠው በጦርነቱ ጊዜ ከኢትዮጵያ ጎን ለቆሙ ጥቁር ሕዝቦች ነው፤ መላኩ በያን ኒውዮርክ ላይ በ1929 የዓለም የኢትዮጵያ ፌዴሬሽንን መሥርቶ ገንዘብና ድምፅ ሲያሰባስብ፣ «አሁንም እየተዋጉ ነው» ብሎ የሚያሳየው ነገር ስለነበረው ነው። ለሞተ ነገር ማን ያዋጣል?

መንገዱን በተመለከተ፦ ሠርተዋል። እኔም በብዙው ሄጄበታለሁ። የተሠራው ካሚዮን ከነወታደሩ ጫካ እንዲያደርስ ነበር፤ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አሁን የከበደኝ ነጥብ ላይ ደረስኩ። ለደቡብ ገባር ጦርነቱ የጌቶቹ ጠብ ነበር ይላሉ ጸሐፊው። ይህን ሐዋሳ ተቀምጦ ማስተባበል ዓይን ያፈጠጠ ውሸት ይሆናል። በሲዳማ፣ በወላይታ፣ በብዙው ደቡብ ገባሩ በመሬቱ ላይ ለተመደበበት ነፍጠኛ ይፈጭ ነበር፣ እንጨት ይለቅም ነበር፣ አጥር ያጥር ነበር፣ እህልና ማር ይሸከም ነበር። ባርነትም ነበር፤ ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን አጠፋዋለሁ ብላ ቃል ገብታበታለች፣ ሕግም አውጥታለች፣ ጨርሳ ግን አላጠፋችውም። ጣሊያን ሲገባ ገባርነት ቀርቷል፣ ባርነት ቀርቷል አለ። ለዚያ ሰው «ለነፃነትህ ተዋጋ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጎረቤቴ አለታ ወንዶ አጠገብ ነው የተወለዱት። አባታቸው ገባር ነበሩ። አሳውን ትተን ወደ ቤታቸው ስንሄድ፣ ከመኝታ ክፍል ሳጥን ውስጥ አንድ ጠፍር አውጥተው አሳዩኝ፤ የከብት ቆዳ፣ ሁለት ክንድ የሚሆን፣ መሀሉ ላይ ግንባርና ትከሻ ያሻሸው ቦታ እንደ ወረቀት የሳሳ። «ለነፍጠኛው ማር የተሸከመው በዚህ ነው» አሉ። «ጣሊያን ነፃ ወጣችሁ ሲል አባቴ እውነት መስሎት ጨፍሯል፤ አልደብቅህም። ወዲያው ለመንገድ ድንጋይ ተሸከም ተባለ። በዚሁ ነው የተሸከመ። ጣሊያን ሲሄድ ባለርስቱ ተመለሰ። እንደገና ማር።» ጠፍሩን በእጄ ያዝኩት። ቀላል ነው፣ ምንም አይመዝንም።

ጽሑፉ ይህን ጠፍር ቢያገኘው ለራሱ ምስክር ያደርገው ነበር። እኔ ግን የሚመሰክረው ሌላ ነገር ይመስለኛል። ጣሊያን ገባሩን የፈታው ሰው ሊያደርገው አልነበረም። በሚያዝያ 1929 ያወጣው ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከተወላጅ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ያዛል፤ ገባሩና ነፍጠኛው በዚያ ሕግ ፊት አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ከሰው በታች። ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ፣ ጨርጨርም ላይ መሬት ለጣሊያን ገበሬዎች ሲሸነሸን የተፈናቀለው መኳንንት አልነበረም። ያ ፕላን አምስት ዓመት ሳይሆን ሃምሳ ዓመት ቢያገኝ የሲዳማ ቡና ማሳ የማን ይሆን እንደነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፤ ኬንያን ማየት ይበቃል።

ደግሞም የተጠቃ ሰው ቤቱ ንጹሕ ካልሆነ ራሱን መከላከል አይችልም ከተባለ በዓለም ላይ ማንም አይችልም። ራስ ደስታ ገባር ያሠሩ ገዥ ነበሩ፤ ራስ ደስታ በሲዳማ ደጋ ላይ ትክክለኛ ጦርነት ተዋግተዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጥበውም፣ አያቆሽሸውም። የመዋጋት መብቱ እውነተኛ ነበር። ዕዳም አስከትሏል፦ «ለነፃነት ነው» ብሎ ያዋጋ መንግሥት ነፃነቱን ለገባሩም ማድረስ ነበረበት። ያንን ዕዳ አልከፈለም። ባርነትን በ1934 በሕግ አጠፋ፣ የገባርነቱን ሥራ በወረቀት አስቀረ፣ መሬቱ ግን ከጌታው እጅ አልወጣም፤ ገባሩ ጭሰኛ ተባለ እንጂ። የጎረቤቴ አባት የራሳቸው መሬት ላይ የቆሙት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲታወጅ ነው። ጣሊያን ከወጣ ሠላሳ ዓመት አልፎ። ጸሐፊው ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ጽፈው ቢሆን ኖሮ ምላሽ አልጽፍም ነበር፤ ስሜን ከሥር እፈርምበት ነበር።

የመጨረሻው ነጥባቸው አርበኛው ራሱ ገበሬውን አራቁቷል፣ ኋላም መንግሥት ከድቶታል የሚል ነው። ሁለቱም ሆኗል። አርበኛ ይበላል፤ ስንቅ ከሰማይ አይወርድለትም፤ ቀን ባንዳ ሌሊት አርበኛ በገባበት መንደር ገበሬው ሁለት ጊዜ ነው የገበረው። እርስ በርስ የተጋደሉም አሉ፤ በክፉ ቀን ቂም የተወጣ አለ። ይህን በትምህርት ቤት ማስተማር አለብን፣ አናስተምርም። ክህደቱንም እንዲሁ፦ በላይ ዘለቀ ጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ፤ ከጣሊያን ደመወዝ ሲበሉ የነበሩ ሰዎች በሌላ በኩል ሹመት ላይ ሹመት ጨመሩ። ግን በላይን የሰቀለው ገመድ በ1930 የተኮሰውን ጥይት ወደ ኋላ ተመልሶ ስህተት ሊያደርገው አይችልም። ጉቦ የበላ ዳኛ ቢፈርድብህ ከሳሽነትህ ሐሰት አይሆንም። ጸሐፊው ከአርበኛው የተሰረቀውን ሜዳሊያ ፈልገው ከማስመለስ ይልቅ፣ ከመጀመሪያው አይገባውም ነበር አሉን።

ይህን ጽፌ ከመጨረሴ በፊት ለጎረቤቴ አነበብኩላቸው። በረንዳቸው ላይ ቡና እየተፈላ ነበር፤ ሁለተኛው ስኒ ላይ ደርሰን ሳለ አንድ ቦታ አስቆሙኝ። «ነፃነታችን በ1933 ተመለሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ።

«የማን?» አሉኝ።

ዓረፍተ ነገሩን ሰርዤዋለሁ። የካቲት 1967ን ያስገባኋትም ያኔ ነው።